የመስከረም ሽርሽር ምግብና መጠጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው ከቤት መውጣት የማያምረው የከተማ ሰው የለም። መውጣቱ ሲወሰን ግን ጭቅጭቁ ከወጥ ቤት ይጀምራል። ወጡ መኪና ውስጥ ይፈሳል፣ እንጀራው ይደርቃል፣ ሥጋው ያሳስባል፣ ከመካከል የሚጾም አይጠፋም። ከእንቁጣጣሽ እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ስለ ሽርሽር ምግብ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስበናል። መልሶቹ ገለልተኛ አይደሉም፤ ሜዳ ላይ የሚያዋጣው ቅቤ ያልነካው፣ ቀዝቅዞም የሚጣፍጥ የጾም ምግብ ነው ብለን እናምናለን። በዚህ የማይስማማ አንባቢ ስለ ጥብስ ወደተጻፈው በቀጥታ ማለፍ ይችላል።

ለምን የጾም ምግብ? ሽርሽር እኮ የደስታ ቀን ነው።

ደስታውን የሚያበላሸው ቅቤው ነው። ዶሮ ወጥ ቤት ውስጥ ትኩሱን ሲቀርብ ተወዳዳሪ የለውም። እንጦጦ አናት ላይ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ነፋሱ እየነፈሰ ሲከፈት ግን ቅቤው ረግቶ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። በዘይት የተሠራ ምግብ ይህ ጣጣ የለበትም፤ የሚረጋው የፓልም ዘይት ካልሆነ በቀር። ለሽርሽር ምግብ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይጠቀሙ።

ሌላው ምክንያት የሰዉ ነገር ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ከአንድ ሠፈር ተሰባስቦ በሚወጣ ቡድን ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም አለ። ሥጋ ሲመጣ «ማን ባረከው?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ ምስርና ቲማቲም ሲቀርብ ግን ሁሉም እጁን ታጥቦ አንድ ትሪ ይከባል። በዚያ ላይ እንቁጣጣሽም ሆነ መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ቢውሉ ጾሙ አይሻርም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ደግሞ ጾመ ጽጌን በፈቃዳቸው የሚጾሙ አሉ። አንዱን ሰው ዳቦ ብቻ ይዞ ጥግ እንዲቀመጥ ከማድረግ ሁሉም የሚበላውን መያዝ ይቀላል።

ምግብ ማብሰል ብዙም አልችልም። ቀላሉ የቱ ነው?

ቲማቲም ፍትፍት። እሳት አይፈልግም፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ለአራት ሰው አምስት በደንብ የበሰሉ ቲማቲሞች፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ቃሪያ፣ የአንድ ትልቅ ሎሚ ጭማቂ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይበቃል። ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን አድቅቀው ይክተፉ። ከመካከላችሁ የሚያቃጥል የማይወድ ካለ የቃሪያውን ፍሬ ያውጡ። ሁሉንም አዋህደው ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ይያዙ።

እንጀራውን ግን ቤት አይፈትፍቱ። ሦስት እንጀራ ለብቻው ጠቅልለው ይውሰዱና ቦታው ሲደርሱ ትናንሽ አድርገው እየቆረሱ ወደ ቲማቲሙ ይጨምሩ። አምስት ደቂቃ ሲቆይ ጭማቂውን ጠጥቶ ለመብላት ይደርሳል፤ ሰዓት ካለፈው ረጥቦ ይበታተናል። የትናንት እንጀራ ለዚህ ሥራ ከዛሬው ይሻላል፤ ጠንከር ስለሚል ጭማቂውን ተሸክሞ ቅርጹን ይይዛል።

ከቲማቲም ፍትፍት ሌላ ሳይሞቅ የሚበላ ምን አለ?

አንድ ምግብ ብቻ ምረጡ ብንባል አዚፋን እንመርጣለን። ሁለት ኩባያ ድፍን ምስር ለቅመው፣ አጥበው ይቀቅሉ። ፍሬው በዓይን ሲታይ ድፍን፣ በጣት ሲጫኑት ግን የሚፈርስ ሲሆን ያውርዱት። ውሃውን አጥልለው ሰፊ ትሪ ላይ በትነው ያቀዝቅዙ። ትኩሱ ላይ ሽንኩርት ከጨመሩ ሽንኩርቱ ይልምና ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሸው ነገር ይጠፋል፤ ያለዚያ ደግሞ አዚፋ አዚፋ አይሆንም።

ዋናው ሰናፍጩ ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ለውሰው 10 ደቂቃ ያህል ይተዉት። ሰናፍጭ አፍንጫ የሚበሳውን ኃይል የሚያወጣው ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲገናኝ ነው፤ የፈላ ውሃ፣ ወይም ገና ከመጀመሪያው የተጨመረ ሎሚ፣ ያንን ኃይል የሚያመነጨውን ኢንዛይም ያዳክመዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሎሚ። ከዚያ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይትና ጨው ጨምረው ከምስሩ ጋር ያዋህዱ። ማለዳ ተሠርቶ፣ በበረዶ ተይዞ ቀትር ላይ ቢበላ ቅመሙ ወደ ፍሬው ስለሚገባ የበለጠ ይጣፍጣል። እንጀራ ባይኖር በዳቦ ይበላል።

ቡቲቻም ጥሩ ነው። ሁለት ኩባያ ውሃ ከዘይትና ከጨው ጋር አፍልተው አንድ ኩባያ የሽምብራ ዱቄት እያማሰሉ ይጨምሩ። እሳቱን ቀንሰው፣ ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታ እስኪጠፋና እስኪጠጥር ድረስ ያገላብጡት። ሲቀዘቅዝ በሹካ ይፈርፍሩና ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ቢወዱ ደግሞ ከተለወሰው ሰናፍጭ ጥቂት ይጨምሩበት። ልጆች ከአዚፋ ይልቅ ይህን ይወዱታል።

ስልጆ ለሽርሽር የተፈጠረ ይመስላል፤ ነገር ግን ለመኮምጠጥ ቀናት ስለሚፈልግ ለነገ መንገድ ዛሬ ማታ የሚታሰብ አይደለም። የሚያውቁት ባልትና ቤት ካለ ከዚያ ይግዙ። ሱፍ ፍትፍት በበኩሉ ቶሎ ይኮመጥጣል። የሱፉን ወተት በበረዶ ይዘው፣ እንጀራውን እዚያው ፈትፍተው፣ ወዲያው መብላት ከቻሉ ይሞክሩት፤ ካልሆነ ለቤት ይተዉት።

አገልግል አለን። ምን ይከተትበታል?

ጌጥ ሆኖ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀል ሥራ ላይ ቢውል ደስ ይለናል። አገልግል ውስጡ በሣር የተሰፋ፣ ውጪው ቆዳ የለበሰ፣ ማንገቻ ያለው የመንገደኛ መሶብ ነው። ቆዳው ነፋስና አቧራ ይከላከላል፤ ስፌቱ ምግቡን ከላብ ያድናል። ፈሳሽ ግን አይችልም። ስለዚህ ድሮም የሚገባበት ፍትፍት ነው፤ ወጡ እንጀራው ውስጥ ገብቶ ስለሚያልቅ የሚፈስ ነገር አይኖርም።

አገባቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንድ ሙሉ እንጀራ ታችና ዙሪያውን ያልብሱ። በላዩ በምስር ወይም በሽሮ ወጥ የተፈተፈተውን እንጀራ ጠቅጠቅ አድርገው ይሙሉ። መካከሉን ጎድጎድ አድርገው ጎመን ወይም ድንች በካሮት ያስቀምጡ፤ ለማይጾሙ የተቀቀለ እንቁላል ከጎን ይደርደር። የተረፈውን የእንጀራ ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፈው በሌላ እንጀራ ይክደኑ። ትኩስ እያለ ግን አይዝጉት። እንፋሎቱ ክዳኑ ሥር ውሃ ሆኖ ይወርድና የላይኛውን እንጀራ ያረጥበዋል። ለብ እስኪል ይጠብቁ።

ሲመለሱ አገልግሉን ውሃ ውስጥ አይንከሩት። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ጠንካራ ፀሐይ በሌለበት ነፋሻ ቦታ ያድርቁት። ቆዳው ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጣጠቃል።

እንጀራ እንዳይደርቅ ምን ላድርግ?

ዓይኑን ወደ ውስጥ አድርገው ይጠፉት፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሉት፣ ከዚያ ፌስታል ውስጥ ያስገቡት። ጨርቁን ትተው በቀጥታ ፌስታል ውስጥ ካስገቡት ያልበዋል። ለአንድ ሰው ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እንጀራ ይያዙ፤ የሜዳ አየር ያስርባል።

የእሸት ነገርስ?

ይህ ወቅት ያለ እሸት ምኑን መስከረም ሆነ? የበቆሎ እሸት ከክረምቱ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥቅምት አካባቢ በየመንገዱ ዳር ይገኛል፤ ከከተማ ወጣ ሲሉ ከገበሬው እጅ መግዛት ይሻላል። ምክንያቱም በቆሎ ከተቆረጠባት ሰዓት ጀምሮ ስኳሩ ወደ ስታርችነት ይለወጣል። የማለዳው በቆሎ ለቀትር ጣፋጭ ነው፤ የሦስት ቀኑ ጥርስ ያደክማል።

ሲገዙ ልባሱን ጥቂት ገልጠው አንዷን ፍሬ በጥፍር ይጫኑ። ነጭ ወተት ከፈነጠቀ ደርሷል። ውሃ መሳይ ከወጣ ገና ነው፤ ምንም ካልወጣ ጠንክሯል፣ ለንፍሮ ይሁን። ለጥብስ ነበልባሉ አልፎ ፍም የሆነ ከሰል ያስፈልጋል። ልባሱን ልጠው ፍሙ ላይ ያጋድሙትና ፍሬው ቡናማ ነጠብጣብ ማውጣት ሲጀምር በሩብ ዙር ያዙሩት። የሚፈነዳ ድምፅ ከሰሙ እሳቱ በዝቷል። ከጨውና ከሚጥሚጣ ጋር ሎሚ ቢታሽበት ሌላ ምግብ ይሆናል። ሎሚውን ለሁለት ሰንጥቆ፣ ጨውና ሚጥሚጣው ላይ ነክሮ፣ እሱኑ እንደ መፋቂያ በቆሎው ላይ መፈግፈግ ነው።

የባቄላና የአተር እሸት እየፈለፈሉ መብላት ለልጆች ምግብም ጨዋታም ነው። ባቄላ ግን ለሁሉም አይስማማም። ጂ ስድስት ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በሰውነታቸው የሚያንሳቸው ሰዎች በተለይ ጥሬ ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስ ይችላል። በቤተሰብ ውስጥ ይህ የታወቀ ከሆነ ባቄላውን ሙሉ በሙሉ ይተዉት።

እኛ ያለ ሥጋ አይሆንልንም። ጥብስ ሜዳ ላይ እንዴት ይሠራል?

እንግዲህ ከሆነ በደንብ ይሁን። ሥጋውን ቤት ከትፈው፣ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል አሽተው፣ በጠባብ ክዳን ዕቃ ማታውኑ ፍሪጅ ያሳድሩት። ጨው አሁን አይጨምሩ፤ ውሃውን አውጥቶ ጥብሱን ቅቅል ያደርገዋል። ሲሄዱ ዕቃውን በበረዶ ይክበቡት። የተለየ ማቀዝቀዣ መግዛት አያስፈልግም፤ ሁለት ሦስት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ማታ በረዶ ቤት ቢያስገቡ በማግሥቱ በረዶም የመጠጥ ውሃም ይሆናሉ። ጠርሙሱን እስከ አፉ አይሙሉት፤ ውሃ ሲረጋ ስለሚሰፋ ይፈነዳል።

ቦታው ላይ ብረት ምጣዱ በደንብ እስኪግል ይጠብቁና ሥጋውን ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ይጥበሱ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከጨመሩ ምጣዱ ይቀዘቅዝና ሥጋው በራሱ ውሃ ይንተከተካል። ሽንኩርትና ቃሪያ መጨረሻ ላይ፣ ጨው ከእነሱ ጋር።

ቁርጥና ጥሬ ክትፎ ለሽርሽር አይያዙ። ጥሬ የከብት ሥጋ በኮሶ ትል እንደሚያስይዝ የማያውቅ የለም፤ ሳይቀዘቅዝ መኪና ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ባክቴሪያው ይራባበታል። ጥሬ ሥጋ ያማረው ሰው በመንገዱ ላይ የሚያምነው ልኳንዳ ቤት ገብቶ እዚያው ይብላ።

አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ፤ ጭልፊት። አዲስ አበባ ላይ ሰማዩን ሲዞሩ የሚውሉት ወፎች የሥጋ ነገር ሲያዩ ከእጅ ላይ መንጠቅ ይችሉበታል። ከኋላ ስለሚመጡ አያዩዋቸውም፤ ጥፍራቸው ደግሞ ጣት ይቧጥጣል። ሥጋ ሲበሉ ዛፍ ወይም ጥላ ሥር ይሁኑ፣ ትሪውን በክዳን ይሸፍኑ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላይ ተራው የጦጣ ነው፤ እነሱ ሥጋ ሳይሆን ሙዝና ዳቦ ይመርጣሉ፣ ቦርሳ መክፈትም ያውቃሉ።

ምግቡ ሳይበላሽ ስንት ሰዓት ይቆያል?

የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባበታል። ስለዚህ ያለ በረዶ የተያዘ ወጥ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ሥጋም ሆነ አዚፋ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ቀኑ 32 ዲግሪን ካለፈ አንድ ሰዓት ብቻ። አዲስ አበባ ላይ በመስከረም ቀኑ ከ25 ዲግሪ ብዙም ስለማያልፍ ሁለት ሰዓቱ ይሠራል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን ስሌቱ ሌላ ነው፤ ምግቡን ከመኪናው አውጥተው ጥላ ሥር ያስቀምጡ። እርጎ ከያዙ ወተቱ ተፈልቶ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ።

መንገዱ ረጅም ከሆነ፣ ለምሳሌ ወደ ወንጪ ወይም ወደ ሐዋሳ የሚሄዱ ከሆነ፣ ከዚህ ሁሉ ጭንቀት የሚያድነው ደረቁ ስንቅ ነው።

ደረቅ ስንቅ ሲባል ምን ምን ነው?

ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ። አያቶቻችን በበቅሎ ሳምንታት ሲጓዙ የያዙት ይህንኑ ነው፤ ለግማሽ ቀን ሽርሽር እንዴት ያንሳል?

ዳቦ ቆሎ ቤት መሥራት አድካሚ ይመስላል እንጂ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሩብ ኩባያ ዘይት ያዋህዱ። ውሃ በጥቂቱ እየጨመሩ ጠንካራ ሊጥ እስኪሆን ያሹት። በመዳፍ እያንከባለሉ እርሳስ የሚያህል ገመድ ይሥሩና በመቀስ ሽንብራ በሚያህል መጠን ይቁረጡ። ይህን ለልጆች ይስጧቸው፤ ደስ ብሏቸው ይሠሩታል። ከዚያ ምጣድ ላይ በዝግታ እያመሱ፣ ወይም 175 ዲግሪ በጋለ ምድጃ ውስጥ አልፎ አልፎ እያገላበጡ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ። ሲቀዘቅዝ ኮሽ ኮሽ ካላለ መልሰው ያስገቡት። በደረቅ ዕቃ ሳምንታት ይቆያል።

በሶ ደግሞ ከዚህም ይቀላል፤ ዱቄቱን ከባልትና ቤት ገዝተው፣ ቦታው ላይ በውሃና በጨው፣ ቢሻዎ በማር ለውሰው ጭብጦ ማድረግ ነው። ጭኮ በቅቤ የሚሠራ ቢሆንም እዚህ ላይ ቅቤውን እንታገሣለን። የኦሮሞ እናቶች ከገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ ጠቅጥቀው የሚያዘጋጁት ጭኮ ቀዝቅዞና ረግቶ መበላቱ ነው ወጉ። ትንሽ ትንሽ ቆርሰው ይብሉ፤ ከባድ ነው።

ምን እንጠጣ?

ብርዝ። ከለስላሳ መጠጥ በዋጋ ላይረክስ ይችላል፤ በጣዕም ግን አይገናኙም። አንድ እጅ ማር በአራት ወይም በአምስት እጅ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ በጥብጠው፣ ሰፈፉን በንጹሕ ነጠላ አጥልለው፣ አቀዝቅዘው ይያዙ። ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ቢገባበት የማሩ ጣፋጭነት ይለዝባል። የሚሠራው በሚጠጣበት ቀን ነው። ካደረ መፍላት ይጀምራል፤ አጥብቀው በከደኑት ጠርሙስ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ክዳኑን ይተፋና መኪናውን ማር በማር ያደርገዋል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር በማንኛውም መልክ አይሰጥም።

ተልባ ለጾመኛ ጥሩ ጉልበት ነው። ምጣድ ላይ መንጣጣት እስኪጀምር ቆልተው ይፍጩት፤ ግማሽ ኩባያውን በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠው፣ ዝቃጩ ሲወርድ ከላይ ያለውን አጥልለው በማር ወይም በስኳር ያጣፍጡ። ሲቆይ ስለሚዝለገለግ ሁሉም አይወደውም። ዱቄቱን ደረቁን ይዞ እዚያው መበጥበጥ መፍትሔ ነው።

የሎሚ መጠጥ በዝንጅብል፣ የተላጠ ዝንጅብል ተወቅጦ በውሃ ተፈልቶ፣ ሲቀዘቅዝ ሎሚና ስኳር ተጨምሮበት፣ ከሁሉም በላይ ቀላል ነው። ወፍራም አድርገው ሠርተው ቦታው ላይ በአምቦ ውሃ ማቅጠን ይቻላል። ኬኔቶ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ ይጠነሰሳል፤ የሚያውቅ ሰው ካለ ያዝዙ፣ ሲቆይ ግን አልኮል ማፍራቱ ስለማይቀር ለልጆች ከሆነ ትኩስ ጥንስሱን ይጠይቁ። ስፕሪስ ለጭማቂ ቤት ይቅር፤ መኪናው ሲንገጫገጭ አቮካዶውና ፓፓያው ተደባልቆ፣ ሞቆና ጠቁሮ ይደርሳል። ጠላና ጠጅ የሚያምረው አለ፤ መኪና የሚነዳው ሰው ግን ብርዙን ይጠጣ።

ከዚህ ሁሉ ሌላ ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ውሃ ይያዙ፤ እጅ መታጠቢያውን ሳይጨምር።

ቡና ሳይፈላ መመለስ ነውር ነው ይላሉ ቤተሰቦቼ።

አልተሳሳቱም። ቡናውን ግን ቤት ቆልተው፣ ወቅጠው ወይም ፈጭተው ይውሰዱ፤ ሽታው በጠባብ ክዳን ውስጥ እስከ ከሰዓት ይቆያል። ጀበና፣ ስኒ፣ ትንሽ የከሰል ምድጃና ማራገቢያ በአንድ ቅርጫት ይገባል። ጀበናውን ስኒዎቹ መካከል አያስቀምጡ፤ በፎጣ ጠቅልለው ለብቻው።

ከፍታ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ፣ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ስለዚህ ቡናው ቶሎ ይገነፍላል እንጂ ቶሎ አይበስልም። አንዴ ገንፍሎ ሲመለስ ጀበናውን ከእሳቱ ጠርዝ ላይ አድርገው ጥቂት ያቆዩት፣ ከዚያ ያስክኑት። በዚሁ ምክንያት እንቁላል በተራራ ላይ የሚቀቅሉ ከሆነ ከተለመደው ሦስት አራት ደቂቃ ይጨምሩ።

እሳቱ ላይ ቀልድ የለም። ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ዘይት ስላለው እርጥብ መስሎም ይቀጣጠላል። ከሰል ከማቀጣጠልዎ በፊት የቦታውን ጥበቃ ይጠይቁ፤ ከተከለከለ በፔርሙዝ የተያዘ ቡናና በቀረፋና በቅርንፉድ የፈላ ሻይ ማንንም አያሳፍርም። ከተፈቀደም ሲጨርሱ ፍሙን በውሃ አጥፍተው፣ አመዱን በእጅ ዳብሰው ሳይቀዘቅዝ አይሂዱ።

ዝናብ ቢመጣስ?

እስከ መስከረም መጨረሻ ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከሰዓት በኋላ። ምሳውን አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ያድርጉት። መሬቱ በውስጡ ውሃ ስለያዘ ሰሌን ብቻውን አይበቃም፤ ከሥሩ ሸራ ወይም ፕላስቲክ ያንጥፉ።

ውጭ አገር ነን። የእኛ ጸደይ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ይህ ሁሉ ይሠራል?

በአሜሪካና በአውሮፓ ላላችሁ እንዲያውም ይበልጥ ይሠራል። ብርዱ ለቆ ፓርኮች መሞላት ሲጀምሩ ዐቢይ ጾም ገና አላለቀም ይሆናል፤ አዚፋና ቡቲቻ ያኔ ነው ጌቶች። ከፋሲካ በኋላ ያሉት የበዓለ ሃምሳ ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾምባቸው የጥብስ ወዳጆች ወራት ናቸው። የሽምብራ ዱቄት ከሕንዶች ሱቅ ከገዙ ያልተቆላ ስለሆነ ለቡቲቻ መጀመሪያ በደረቅ መጥበሻ ሽታው እስኪለወጥ ያምሱት። እሳትና አልኮል በየፓርኩ ደንቡ ስለሚለያይ በር ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ።

በዓረብ አገሮች ላላችሁ የውጭ ምሳ ወቅቱ መጋቢት ላይ ያበቃል ማለት ይቻላል። በግንቦት ሪያድም ሆነ ዱባይ ወደ 40 ዲግሪ ስለሚጠጋ የአንድ ሰዓቱ ደንብ ነው የሚሠራው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ውጡ፣ ዳቦ ቆሎና በረዶ የገባበት ሎሚ ያዙ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር ምንድን ነው?

የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና። በእጅ ለሚበላ ሕዝብ ከሹካ በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ከዚያ ጨው፣ ቢላዋ፣ የቆሻሻ ፌስታል፣ ለዝንብ ደግሞ ትሪ የሚሸፍን ንጹሕ ጨርቅ። ክረምት እንደወጣ ዝንቡ ብዙ ነው።

የተረፈውን ምግብ ምን እናድርገው?

ከእንጀራ ጋር የተፈተፈተውና እጅ የገባበት ለማግሥቱ አይቀመጥም። በዕቃው ውስጥ እንዳለ በበረዶ የዋለ አዚፋ ወይም ቡቲቻ ቤት እንደደረሱ ፍሪጅ ከገባ በማግሥቱ ይበላል። ያልተቆረሰ እንጀራ ፀሐይ ላይ ደርቆ ድርቆሽ ይሁን፤ ለሚቀጥለው ሽርሽር ስንቅ ነው። ዳቦ ቆሎው ከተረፈ ግን ሹፌሩ ጋ ያስቀምጡት፤ ወደ ከተማ መግቢያው ላይ መንገዱ መዘጋጋቱ አይቀርም።